የሻይ በራዱን ገጽ መቀየር፦ እውነተኛ ጉድጓድና የብርሃን ማታለያ

(ምስል፦ ነጭ የሻይ በራድ በጥቁር መደብ ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል።)

ይህ በራድ በኮምፒዩተር ግራፊክስ ዓለም እጅግ የታወቀ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የዩታ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ማርቲን ኒዌል በቤቱ የነበረውን በራድ ወረቀት ላይ ነድፎ፣ ቅርጹን ወደ ቁጥር ለውጦ ኮምፒዩተር ውስጥ አስገባው። የመጀመሪያው ሞዴል ታች አልነበረውም፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ በራድ ገልብጦ የሚያይ ስለሌለ ጉድለቱ ብዙ አያስታውቅም።

(ምስል፦ ልሙጡ ገጽ የተቀጠቀጠ መዳብ ይመስላል።)

አሁን ይህን ልሙጥ ገጽ እንደ ተቀጠቀጠ መዳብ ጎድጎድ ያለ ማድረግ እንፈልጋለን እንበል። እያንዳንዱን ጉድጓድ የገጹን ቅርጽ በሚሠሩት ነጥቦች መቅረጽ ይቻላል፤ ሆኖም የነጥቦቹ ብዛት የኮምፒዩተሩን ማኅደረ ትውስታ ያጨናንቃል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማረው ጄምስ ብሊን በ1978 ያቀረበው ባምፕ ማፒንግ የተባለ ዘዴ ግን አንድም ነጥብ አያንቀሳቅስም። የአንድ ቦታ ድምቀት የሚወሰነው ገጹ ወደ ብርሃኑ በዞረበት ማዕዘን ስለሆነ፣ ብሊን ያደረገው ገጹ የዞረበትን አቅጣጫ በስሌት ብቻ በጥቂቱ ማዘንበል ነው። የማዘንበሉን መጠን የሚነግረው ከፍታው በነጭ፣ ዝቅታው በጥቁር የተሣለ ምስል ሲሆን፣ ዓይናችንም ከጥላው ተነሥቶ ጉድጓድ አለ ብሎ ይፈርዳል።

(ምስል፦ ካሜራው ወደ በራዱ ጠርዝ ይጠጋል።)

ማታለያው የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። ሆዱ በጉድጓድ የተሞላ ቢመስልም የጠርዙ መስመር እንደ ድሮው ልሙጥ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የወደቀው ጥላም እንዲሁ። ሮበርት ኩክ በ1984 ያስተዋወቀው ዲስፕሌስመንት የተባለ ዘዴ ግን ነጥቦቹን በእርግጥ ስለሚያንቀሳቅስ ጠርዙም ጥላውም አብረው ይለወጣሉ። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ገጹ አስቀድሞ በደቃቁ ካልተከፋፈለ የሚንቀሳቀስ በቂ ነጥብ አይኖርም። ስለዚህ ከካሜራ ለራቀ ዕቃ ባምፕ ማፒንግ ይበቃል፤ ዲስፕሌስመንትን በቅርብ ለሚታየው ብቻ ማዋል ይሻላል።

(ምስል፦ የበራዱ አፍንጫ በቅርበት።)

እንደ ብሌንደር ባሉ የኮምፒዩተር ግራፊክስ ፕሮግራሞች በዲስፕሌስመንት ሲሠራ በተለይ አፍንጫው ጥንቃቄ ይሻል። የጉድጓዱ ጥልቀት ከግድግዳው ውፍረት ከበለጠ የውጭው ገጽ የውስጡን ሰንጥቆ ያልፋል። መካከለኛው እሴት፣ ማለትም ነጥብ የማይንቀሳቀስበትን የግራጫ ደረጃ የሚወስነው ቅንብር፣ 0.5 ከሆነ መካከለኛ ግራጫ ነጥቡን ባለበት ስለሚያቆየው፣ በምስሉ ላይ የአፍንጫውን ከንፈር በዚህ ግራጫ መቀባት እዚያ ችግሩን ያስቀራል።