ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ አይነሳም፦ የአድማጮች ጥያቄና የመካኒኩ መልስ

ከፒያሳ፣ አንዲት አድማጭ፦ ጋሼ፣ ኮሮላዬ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ አይነሳም። መብራቱም ሬዲዮውም ይሠራል። ባትሪ ሻጩ «ሞቷል፣ ቀይሪው» ብሎኛል። ልግዛ?

ለጊዜው ገንዘብሽን ያዥ፣ እህቴ። ሬዲዮው ስለሠራ ባትሪው ደህና ነው አይባልም፤ ሻጩ ሞቷል ስላለም ሞቷል አይባልም። ባትሪ ለሚሸጥ ሰው የሁሉም በሽታ መድኃኒት ባትሪ ነው። ሬዲዮና መብራት የሚበቃቸው ጥቂት አምፔር ነው፤ ሞተሪኖው፣ ማለትም መኪናውን የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ግን ትልቁን ሞተር ሲያዞር ከ100 አምፔር በላይ በአንድ ጊዜ ይስባል።

ጠቅ የሚለው ሞተሪኖው ላይ ያለው ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ነው። ቁልፉን ስታዞሪ ይገጥማል፤ ሞተሪኖው ኃይል ሲስብ ቮልቴጁ ይወድቅና ሶሌኖይዱ ይለቃል፤ ሲለቅ ቮልቴጁ ያገግማል፣ እንደገና ይገጥማል። ስለዚህ የተደጋገመ ጠቅታ ከሰማሽ ኃይል ጎድሏል ማለት ነው። ጥያቄው የጎደለው ከባትሪው ነው ወይስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው የሚለው ነው።

ኮፈኑን ክፈቺና የባትሪውን ሁለት ጫፎች ተመልከቺ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካበቀሉ፣ ወይም ማሰሪያው በእጅ ሲነኩት ከተነቃነቀ፣ ችግሩን አገኘሽው ማለት ይቻላል። ያ ዱቄት 0.05 ኦም ብቻ ቢጨምር፣ 100 አምፔር ሲያልፍበት 5 ቮልት ይበላል። ከ12 ቮልት ለሞተሪኖው 7 ይደርሰዋል፣ በ7 ደግሞ ሞተር አይዞርም። መብራቱ የሚስበው ትንሽ ስለሆነ ጉዳዩን አያውቀውም።

መኪናውን አጥፊና፣ ጓንት አድርገሽ፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፍቺ። ቅደም ተከተሉን አታዛቢ፤ ፖዘቲቩን ቀድመሽ ስትፈቺ ቁልፉ የመኪናውን አካል ከነካ ብልጭታ ይፈጠራል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠሽ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሺው። አረፋ ቢያወጣ አትደንግጪ፣ አሲዱን እያመከነው ነው። ውሃው በባትሪው ክዳኖች በኩል እንዳይገባ ግን ተጠንቀቂ። አድርቀሽ፣ አሁን ፖዘቲቩን አስቀድመሽ አጥብቀሽ እሰሪና ከላይ ቫዝሊን ቀቢው።

ካልተነሳ ባትሪውን ቻርጅ አስደርጊና አስለኪው። ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት፤ 12.2 ላይ ከሆነ ግማሽ ያህል ነው። ሙሉ ሆኖም ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ፣ አዎ፣ ያኔ ቀይሪው። ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካላሳየ ዲናሞው እየሞላው አይደለም፤ አዲሱንም ባትሪ ትጨርሺዋለሽ።

ከአራት ኪሎ፣ አንድ አባት፦ የኔ አንድ ጊዜ ጧ ይልና ጸጥ ይላል። መብራቱ አይደበዝዝም። ባትሪ ቀይሬያለሁ። ልጁ ሞተሪኖውን በመዶሻ ሲመታው ይነሳል።

አባቴ፣ መብራቱ ካልደበዘዘ ኃይሉ ሞተሪኖው ደርሷል ግን አልገባም፤ ስለዚህ ባትሪውን ይርሱት። በተለይ በቶዮታ ሞተሪኖዎች ላይ ሶሌኖይዱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የመዳብ መገናኛዎች ይበላሉ፣ ወይም ኃይሉን ለሚዞረው ክፍል የሚያቀብለው ካርቦን ያልቃል። መዶሻው ያልተነካካውን ለአንድ ቀን ያነካካዋል፣ ለዚያ ነው የሚነሳው። ነገር ግን አንዳንዱ ሞተሪኖ ውስጥ ያለው ቋሚ ማግኔት ነው፤ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ያኔ ሞተሪኖው አለቀለት።

ሶማሌ ተራ ሄደው ያገለገለ ሞተሪኖ ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን ያስፈቱት። መገናኛውንና ካርቦኑን መቀየር ሙሉውን ከመግዛት በብዙ ይረክሳል፤ ከገበያ የሚያመጡት ደግሞ የእርስዎ በሽታ ያለበት ላለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል? እግረ መንገዱን ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን የኔጋቲቭ ኬብልም ያሳዩ፤ እሱ ሲላላም ይኸው ነው።

ከሜክሲኮ፣ አንድ ሹፌር፦ ባትሪው ሲደክም መካኒኬ አሲድ ይጨምርበታል። ልክ ነው?

አይደለም። ከባትሪው የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ አሲዱ እዚያው ይቀራል። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። አሲድ በላዩ ከጨመርክ ውስጡ ያሉትን የእርሳስ ሳህኖች ታስበላቸዋለህ።

ከዚያው ሹፌር፦ ቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ላይ ለቅቄ በማርሽ አስነሳዋለሁ፤ ጉዳት አለው?

ማንዋል ከሆነ ሞተሩን አይገድለውም። እኔ የምፈራው ሌላ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳል፣ ቸርችል ላይ ደግሞ ሰው ሲያቋርጥ ግራ ቀኝ አያይም። አውቶማቲክ ከሆነ ጭራሽ አይሞከርም። ከሌላ መኪና ባትሪ ኃይል የሚያመጣ ኬብል መኪናህ ውስጥ አኑር፤ ስትጠቀምበት የመጨረሻውን ኔጋቲቭ ከደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከሞተሩ ብረት ላይ እሰረው፤ ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ ብልጭታው ከእሱ ይራቅ።

ከስታዲየም አካባቢ፣ አንዲት አድማጭ፦ የኔ የኤሌክትሪክ መኪና ናት፣ ቻርጇ 70 በመቶ ነው። ጠቅ ጠቅ ብላ አልነሳ አለች።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። የእርስዎም መኪና እንደ ሌላው ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላት። ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙት ማብሪያዎች የሚሠሩት በእሱ ኃይል ነው፤ እሱ ከደከመ 70 በመቶው ተቆልፎ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ቆማ የሰነበተች መኪና ላይ ይደርሳል። ትንሹን ባትሪ ቻርጅ ያስደርጉ ወይም ያስቀይሩ። በመመሪያ መጽሐፏ ላይ ከሌላ መኪና በኬብል ማስነሳት ከተፈቀደ ይቻላል፤ በእሷ ሌላ መኪና ለማስነሳት ግን አይሞክሩ። ኮፈኑን ሲከፍቱም ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ኬብሎች አይንኩ፣ ጎረቤት መካኒክም እንዲነካቸው አይፍቀዱ፤ በእነሱ የሚያልፈው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።