ተመልሶ መሄድ፦ ለአማተር ፎቶግራፍ አንሺዎች ጉባኤ የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን የጉባኤው ታዳሚዎች፣

ዛሬ እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል በፎቶግራፍ የሚተዳደር ሰው እምብዛም የለም። አንዳችን መምህር፣ አንዳችን የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዳችን ነርስ፣ አንዳችን ጡረተኛ ነን፤ ካሜራችንን የምናነሳውም ከሥራና ከቤተሰብ በተረፈችው ሰዓት ነው። በዚህም ምክንያት ስለ ሥራችን ስንጠየቅ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «እኔ እንኳ ለራሴ ያህል ነው የማነሳው» ማለትን ለምደናል። ይህ አነጋገር ሊቀር ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት። ፎቶውን የሚያዝዝ ደንበኛ፣ የሚቆጣጠር አለቃ፣ የተቆረጠ የማስረከቢያ ቀን የሌለው ሰው ባለሙያው በገንዘብ የማያገኘው አንድ ነገር በእጁ አለ፤ ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ አንድ ሰው ደጅ፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ተመልሶ መሄድ ይችላል። ንግግሬም በዚህ በመመለስ ጉዳይ ላይ፣ በተለይም ወደ ገጠር በምናደርጋቸው ጉዞዎች ላይ ያተኩራል።

የፎቶግራፍን ታሪክ ወደ ኋላ የሚመረምር ሰው ገጠርን ገና ከመነሻው ያገኘዋል። በካሜራ ተነስተው እስከ ዛሬ ከቆዩልን ምስሎች ሁሉ ቀዳሚው ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ እ.ኤ.አ. በ1826 ወይም በ1827 በገጠር ከሚገኘው ቤቱ የላይኛው ፎቅ መስኮት ያነሳው ነው። ሬንጅ መሰል ነገር በተቀባ የብረት ሰሌዳ ላይ የቀረው ይህ ምስል የግቢውን ጣሪያዎችና ግድግዳዎች ያሳያል፤ ሰሌዳው ለብዙ ሰዓታት ብርሃን ሲቀበል ስለቆየም ፀሐይ ከአንዱ አቅጣጫ ወደ ሌላው ተሻግራ ሕንፃዎቹን በግራም በቀኝም አብርታቸዋለች። ኒየፕስ ይህን ሲያደርግ ሙያዬ ነው ብሎ የሚጠራው ፎቶግራፍ የሚባል ሥራ በዓለም ላይ ገና አልነበረም።

ትከሻችን ላይ አንጠልጥለነው የምንሄደው ትንሽ ካሜራም የተወለደው ከአንድ እግረኛ ችግር ነው። በጀርመን የሌይትስ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ኦስካር ባርናክ በእግሩ እየተጓዘ ፎቶ ማንሳት ይወድ ነበር፤ የመተንፈሻ ሕመም ስለነበረበት ግን የዚያን ዘመን ከባድ ባለሰሌዳ ካሜራ ተሸክሞ ዳገት መውጣት አልቻለም። ስለዚህ ለሲኒማ የሚያገለግለውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚጠቀም፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ካሜራ ሠራ፤ እርሱም ላይካ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1925 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ለሕዝብ ቀረበ። የዚያ ካሜራ የምስል ስፋት፣ 24 በ36 ሚሊ ሜትር፣ ዛሬ «ፉል ፍሬም» በምንለው ሴንሰር፣ ማለትም በዲጂታል ካሜራ ውስጥ ብርሃኑን በሚቀበለው ሰሌዳ፣ እንዳለ ይገኛል።

ስለ መሣሪያ ምርጫ ግን አማተሮች ስንገናኝ ከሚገባው በላይ እናወራለንና እኔ በአጭሩ ልለፈው። ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 በኮዳክ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ የነበረው ጥራት 10,000 ፒክሰል ብቻ ነበር፤ አንዷን ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳትም 23 ሰከንድ ይወስድበት ነበር። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ እንኳ ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ስለዚህ ለገጠር ጉዞ አንድ ካሜራና አንድ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ዙም የማያደርግ ሌንስ የያዘ ሰው ለመቅረብ የግድ በእግሩ መሄድ አለበት፤ በእግሩ ሲሄድ ሰላምታ ይሰጣል፣ ሰላምታ ሲሰጥ ይታወቃል። ከዚህ ሌላ ትርፍ ባትሪና ትርፍ ሚሞሪ ካርድ መያዝ፣ ብርድ የባትሪን አቅም ስለሚቀንስ ትርፉን ከልብስ ሥር ማቆየት፣ አቧራ በሚነሳበት ቦታ ሌንስ አለመቀየር፣ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባም ውስጡ ጤዛ እንዳይቋጥር ካሜራውን በታሸገ ላስቲክ ውስጥ አቆይቶ ማላመድ ያስፈልጋል። ሌላው ሁሉ ትዕግሥት ነው።

ይህ ትዕግሥት የሚጀምረው ደግሞ ከሥራ ቀናት ነው። አውቶቡስ በሚጠብቅ ሰው ፊት ላይ ከመስታወት ተንፀባርቆ የሚያርፈውን ብርሃን፣ አመሻሽ ላይ በደረጃ ላይ የሚረዝመውን ጥላ ለማስተዋል ካሜራ አያስፈልግም። ሳምንቱን ሙሉ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ሳይጠይቅ የከረመ ሰው ቅዳሜ ማለዳ ገጠር ደርሶ ካሜራውን ሲነካካ ያ የሚፈልገው ሰዓት ያመልጠዋል። ማታ ማታ ደግሞ ያለፈውን ጉዞ ፎቶዎች መምረጥ፣ መጣልና በስማቸው ማስቀመጥ አለ። የአማተር ኑሮ በብዛት ይህ ነው፤ ጉዞው የሚያፈራውም በዚህ ላይ ሲቆም ነው።

ስለ ብርሃኑ ትንሽ ልቆይ። ጥርት ባለ ቀን፣ ፀሐይ ከፍ ብላ ሳለ፣ መለኪያ ሳያስፈልግ የሚሠራ የቆየ ደንብ አለ፤ አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ፣ ኤፍ 16 ላይ ይደረግና የሻተሩ (ብርሃኑን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክዳን) ፍጥነት ከአይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ቁጥር ጋር ይቀራረባል፤ አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/100ኛ ወይም 1/125ኛ ሰከንድ ማለት ነው። ይህ ደንብ ትክክለኛ መጠን ይሰጣል፤ መልካም ብርሃን ግን አይሰጥም። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ዓይን በቅንድብ ጥላ ውስጥ ይጠፋል፣ ማሳውም እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። በአንጻሩ ያንኑ አዲስ የታረሰ ማሳ ፀሐይ ከአድማስ ብቅ ባለችበት ቅጽበት ከዳር ቆማችሁ ተመልከቱት። ብርሃኑ በጎን ስለሚገባ እያንዳንዱ ጓል የራሱን ጥላ ከኋላው ይጥላል፤ የትልሙ ጫፍ ያበራል፣ ጎድጓዳው ይጨልማል፣ አራሹ የት ላይ እንደታጠፈና የት ላይ ድንጋይ አጋጥሞት መስመሩን እንደሳተ ሳይቀር መሬቱ ላይ ይነበባል። በዚያን ጊዜ የፀሐይ ጨረር በአየር ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚያቋርጥ ሰማያዊው በመንገድ ተበትኖ ቀዩና ብጫው ያመዝናል፤ ያ ሞቅ ያለ ቀለም የሚመጣው ከዚህ ነው። ጥቂት ቆይቶ ፀሐይ ከፍ ስትል ጥላዎቹ ያጥራሉ፣ ያ ሁሉ ጽሑፍም ይጠፋል። ከከተማ ዘግይቶ ተነስቶ ረፋድ ላይ የሚደርስ ሰው ይህን ማሳ አላየውም፤ በአንድ ቀን ጉብኝት የሚመለስ ሰውም አዝመራው ሲያድግ፣ ሲታጨድ፣ ከዚያም ገለባ ብቻ ሲቀር አያየውም።

ሰውን ስናነሳ ብርሃን የአክብሮት ጉዳይም ይሆናል። የካሜራ የብርሃን መለኪያ በመሠረቱ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው፤ በመሆኑም ከኋላው ደማቅ ሰማይ ያለ ሰው ፊቱ ጠቁሮ፣ በተለይ ጠይም ወይም ጥቁር ከሆነ መልኩ እስከማይለይ ጨልሞ ይወጣል። ልኬቱን ፊቱ ላይ መውሰድ፣ ወይም ካሜራው ከሚለው አንድ ወይም አንድ ተኩል ስቶፕ ያህል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) መጨመር የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ሰማዩ ቢነጣም ይንጣ፤ ፎቶውን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ሰው ማየት የሚፈልገው የራሱን ፊት ነው። እኔ በበኩሌ ክፍት በር አጠገብ፣ ፀሐዩ ራሱ ሳይነካው ከመሬት የተመለሰው ብርሃን ከሥር የሚያበራውን ፊት ከሁሉ አስበልጣለሁ። በዚህ ብርሃን የዓይን ዙሪያ መጨማደድ፣ ጉንጭ ላይ የቀረ አቧራ፣ የሸማ ጥለት ሁሉ ሳይጮኽ ይታያል።

ተመልሶ መሄድ ፎቶውን ብቻ አይለውጥም፤ ፎቶ የሚነሳውን ሰው አቋምም ይለውጣል። በመጀመሪያው ቀን ሰው ለካሜራ ይቆማል፤ ልብሱን ያስተካክላል፣ እጁን ወደ ጎኑ ይሰበስባል፣ ፈገግታውን ይደብቃል። ይህም መብቱ ነውና ያንን ፎቶ እንደፈለገው ልናነሳለት ይገባል። በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ፎቶ አሳጥበን ስንወስድለት ግን ነገሩ ይለወጣል። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ አያቶችም ብርሃን ወዳለበት ወጥተው አስጠግተው ይመለከቱታል፤ ከዚያ በኋላ ካሜራ የያዘው ሰው እንግዳነቱ ይቀልለታል። ፈቃድ መጠየቅም በየጉብኝቱ የሚታደስ ነገር ነው። አምና እሺ ያለ ሰው ዘንድሮ ኀዘን ላይ ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን ስናነሳ ወላጁን መጠየቅ አለብን፤ «አይሆንም» ያለን ሰው ደግሞ ከሩቅ በረጅም ሌንስ መስረቅ ፈጽሞ አይገባንም። በዚህ ነጥብ ላይ መካከለኛ ሐሳብ የለኝም። ቃል የተገባ ፎቶ አለማድረስም ከዚሁ ያልተናነሰ በደል ነው፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣውን ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ የሚያሳጣ ነውና።

ለአንድ ቦታ መታመን ምን እንደሚያፈራ ለማየት የዊልሰን ቤንትሌይን ሥራ ማስታወስ ይበቃል። በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ጄሪኮ በምትባል የገጠር መንደር የሚኖር ገበሬ ነበር። ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ እ.ኤ.አ. በ1885 የአንዲት የበረዶ ቅንጣትን ምስል አነሳ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 እስኪሞት ድረስም ከብቱንና እርሻውን እየተንከባከበ ከ5,000 በላይ የበረዶ ቅንጣቶችን ፎቶ አከማቸ። ቅንጣቷ ሳትቀልጥ ለመድረስ ሥራውን በማይሞቅ ክፍል ውስጥ በብርድ ይሠራ ነበር። ወደ ሩቅ አገር አልተጓዘም፤ የሚያነሳው ነገር በየክረምቱ ደጁ ላይ ይወርድለት ነበር።

የተነሳው ፎቶ ከሰው ዘንድ የሚደርሰው ግን ሲጻፍበትና ሲጠበቅ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሰንፋለን። ቪቪያን ማየር በአሜሪካ ሞግዚት ሆና እየሠራች ዕድሜዋን ሙሉ ፎቶ ስታነሳ ኖራ ከ100,000 በላይ ምስሎችን ትታለች፤ ብዙ ጥቅል ፊልምም ሳይታጠብ ቀርቷል። ያስቀመጠችበት ማከማቻ ኪራይ ባለመከፈሉ ሳጥኖቿ እ.ኤ.አ. በ2007 በጨረታ ተሸጡ፤ በ2009 ስታርፍም ዓለም ገና አላወቃትም ነበር። ዛሬ ስሟ ገናና ነው፤ ነገር ግን በፎቶዎቿ ላይ ያሉት ብዙ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ሊነግረን የሚችል የለም። ከዚህ በተቃራኒ ሰር ቤንጃሚን ስቶን የተባለ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል፣ ራሱም አማተር ፎቶግራፍ አንሺ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 አማተሮችን አስተባብሮ የአገሩን ጥንታዊ ሕንፃዎች፣ መንደሮችና ባህላዊ ክንውኖች በፎቶ የሚመዘግብ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ እስከ 1910 ድረስ ሠርቶ ስብስቡን ለብሪቲሽ ሙዚየም አስረከበ። እነዚያ ሰዎች እንደ እኛ አማተሮች ነበሩ፤ ለማን እንደሚያነሱ ግን ያውቁ ነበር።

ስለዚህ በየፎቶው ጀርባ በእርሳስ፣ በፋይሉም ውስጥ በጽሑፍ፣ የቦታው ስም፣ ቀኑ፣ ሰውየው ከፈቀደ ስሙ፣ የሚሠራውም ሥራ ሊሰፍር ይገባል። ይህን ሥራ ከጉዞ በተመለሱበት ሳምንት መጨረስ ይሻላል፤ ከወራት በኋላ የትኛው ኮረብታ የትኛው መሆኑን ማስታወስ ያስቸግራልና። ፋይሉ በሦስት ቅጂ፣ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ ደግሞ ከቤት ውጭ ይሁን፤ እሳትም ሌባም አንድ ቤት ሲገባ ሁሉን አንድ ላይ ይወስዳል። ያም ሆኖ ከማንኛውም ዲስክ ይልቅ እኔ የምተማመነው በወረቀት ላይ በታተመና በብዙ ቤቶች በተበተነ ፎቶ ነው።

በመጨረሻም ለዚህ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን በቀላሉ ልንደርስበት የምንችል አንድ የገጠር አካባቢ እንምረጥ፤ በዓመቱ ውስጥ በየወቅቱ ወደዚያው እንመለስ፤ በሚመጣው ዓመት ጉባኤም የታተሙና መግለጫ የተጻፈባቸው ፎቶዎችን ይዘን እንገናኝ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ይኑር፤ በፎቶው ላይ ያለው ሰው የራሱን ቅጂ ከእኛ ቀድሞ ያግኝ። ከጉባኤው በኋላም ስብስቡ ከከተማ ቤታችን መሳቢያ ይልቅ በዚያው አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ ልጆቹ ወላጆቻቸውንና የአካባቢያቸውን መልክ ያዩበታል። ሐሳቡን የምትቀበሉ ታዳሚዎች የመረጣችሁትን አካባቢ ስም ዛሬ ከመለያየታችን በፊት ብታስመዘግቡ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ እንዳንደራረብ ለማቀናጀት እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።