«ሾተላይ ነው» ከማለታችን በፊት፦ በዘር ስለሚተላለፉ የጨቅላ ሕፃናት ሕመሞች

(ምስል፦ ጅማ፣ ሄርማታ። ጠዋት፣ ከዝናብ በኋላ። በአራስ ቤት ደጃፍ የተሰጣ የሕፃን ጨርቅ።)

ለማስረዳት ያህል አንድ ቤት እናስብ። ሕፃኑ 3 ኪሎ መዝኖ ተወለደ፤ አለቀሰ፣ ጡትም ያዘ። በአራተኛው ቀን ግን ጡት ሲሰጡት ፊቱን ያዞር ጀመር፤ ሰውነቱ አንዴ ይዝለፈለፋል፣ አንዴ ደግሞ ወደ ኋላ ይገተራል። አያቱ የሽንት ጨርቁን ሲለውጡ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ሽታ ሸተታቸው፤ ጓዳ ቡና ይቆላ ስለነበር ከዚያ የመጣ መሰላቸውና ለማንም ሳይናገሩ ቀሩ።

እንዲህ ያለ ሕፃን ሲሞት፣ በተለይ ከእርሱ በፊት ሌላ ልጅ በተመሳሳይ ሁኔታ አልፎ ከሆነ፣ ቀድሞ የሚነገረው ቃል «ሾተላይ» ነው፤ ቀጥሎ የሚወለደውም ካሳ፣ ምትኩ ወይም ማስረሻ ይባላል። ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት አር ኤች የተባለው ፕሮቲን በደሟ የሌለ (አር ኤች ኔጌቲቭ) እናት ፕሮቲኑ በደሙ ያለ (አር ኤች ፖዘቲቭ) ሕፃን ስትፀንስ የሚደርሰውን የደም አለመጣጣም ነው። በዚህ ችግር የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይወለዳል፤ የሚቀጥሉትንም ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ለእናቲቱ በሚሰጥ መርፌ መጠበቅ ይቻላል። የእኛ ሕፃን ሕመም ግን ከደም ዓይነት ጋር አይገናኝም፤ የመጀመሪያውን ልጅም ሊይዝ ይችላል።

(ምስል፦ እናትና አባት፤ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ጤነኛና አንድ ጉድለት ያለበት ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የሰውነት አሠራር መመሪያ።)

እያንዳንዱን ጂን ማለት ይቻላል በሁለት ቅጂ፣ አንዱን ከእናት፣ ሌላውን ከአባት እንወርሳለን። አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ስለሚሸፍን ተሸካሚው ሰው ዕድሜውን ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ሁለቱንም የተበላሹ ቅጂዎች የሚወርስ ልጅ የመፀነስ ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው። ሦስት ጤነኛ ልጆች ተወልደዋልና አራተኛው ይታመማል ማለት አይደለም፤ ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይወጣል። እናቲቱን ለይቶ መውቀስ፣ አልፎም «ልጅ አይበረክትላትም» ብሎ ትዳር ማፍረስ፣ ከጭካኔው በላይ ስሕተት ነው፤ አባትየውም እኩል ድርሻ አለውና። ሰባት ቤት ቆጥሮ የመጋባት ልማዳችን እዚህ ላይ በእጅጉ ይጠቅማል፤ ዘመዳሞች አንድ ዓይነት የተበላሸ ጂን የመጋራት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነውና። ሆኖም የማይዛመዱ ባልና ሚስትም ሁለቱም ተሸካሚ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

ታዲያ ሕፃኑ ሲወለድ ለምን ጤነኛ መሰለ? ከወተት ፕሮቲን የሚገኙትን ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን የተባሉ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያ ክፍሎች) የሚሰባብረው ኢንዛይም በሰውነቱ አይሠራም። በማኅፀን ሳለ ትርፉ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ እናቱ ደም ያልፍና የእርሷ ሰውነት ያስወግድለት ነበር፤ እትብቱ ሲቆረጥ ግን ብቻውን ቀረ። ጡት በጠባ ቁጥር የማይሰባበረው ነገር በደሙ ይከማቻል፣ አንጎሉንም ይመርዛል። በውጭ አገር ሕመሙ «ሜፕል ሲረፕ ዩሪን ዲዚዝ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘውም ሜፕል ከተባለው ዛፍ ከሚሠራው ጣፋጭ ሽሮፕ ነው፤ የሽንቱ ሽታ ያንን ይመስላልና።

ምልክቶቹ ከኢንፌክሽን ጋር ፈጽሞ ይመሳሰላሉ፤ ኢንፌክሽን ደግሞ እጅግ የበዛ ስለሆነ ሐኪሙ አንቲባዮቲክ መጀመሩ ተገቢ ነው። በጊዜው ከተጠረጠረ ፕሮቲኑ ለጊዜው ተቋርጦ በደም ሥር ስኳር ያለው ፈሳሽ ይሰጣል፣ ከዚያም ልዩ ወተት ይከተላል። ይህ በሆስፒታል ብቻ የሚደረግ ነው፤ ማንም እናት በራሷ ውሳኔ ጡት ማጥባቷን እንዳታቆም አጥብቀን እናሳስባለን።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ገትሪ ከሕፃን ተረከዝ የተወሰደች ጥቂት ደም ወረቀት ላይ ደርቃ ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለውን ሌላ የዚህ ወገን ሕመም እንደምታሳይ አረጋገጠ፤ ዛሬ ብዙ አገሮች እያንዳንዱን አዲስ ሕፃን በዚህ መንገድ ይመረምራሉ። በአገራችን ይህ ለሁሉም የሚዳረስ አሠራር ገና ስላልሆነ፣ ሐኪሙን የሚመራው በአብዛኛው የቤተሰቡ ቃል ነው።

(ምስል፦ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል። አያት ከነርስ ጋር ሲነጋገሩ።)

ስለዚህ ጤና ጣቢያም ሆነ ሆስፒታል ስትደርሱ ቀድሞ የሞተ ሕፃን ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ በስንተኛው ቀን ጡት እንደተወ፣ ተንቀጥቅጦ እንደነበር፣ ወላጆቹ ይዛመዱ እንደሆነ፣ ሽንቱም ምን ይሸት እንደነበር ጨምሩ። ሌላ ልጅ ከተፀነሰም ይህንኑ በእርግዝና ክትትል ጊዜ አስመዝግቡ፤ ሕፃኑ በተወለደበት ዕለት፣ ገና ጡት ሳይተው፣ ክትትሉ እንዲጀመርለት።