ወደ ኦሽን ሲቲ ስንሄድ የምናልፈው ካውንቲ

(ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ ተቀምጣችሁ ስልክ የምትነካኩ ልጆችም ጭምር፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሰብሳቢያችን ስለ ዘንድሮው የሰመር ጉዞ እንድናገር ዕድል ሰጥተውኛል። አመሰግናለሁ። "ባጭሩ" ብለውኛል። እሞክራለሁ።

ሰመር ሲመጣ የኛ ሰው የሚሄድበት ይታወቃል። ልጆቹን ጭኖ፣ ዶሮውን ጠብሶ፣ ድፎውን በፎጣ ጠቅልሎ፣ በሩት 50 ወደ ኦሽን ሲቲ። ቤይ ብሪጅ ላይ ትራፊኩ ያንገላታናል። ድልድዩን ካለፍን በኋላ ማን ይይዘናል! ቾፕታንክ ወንዝን ስንሻገር ግራና ቀኝ ሰፊ ውኃ ይታያል። "እንዴት ያምራል!" እንላለን። ነዳጅ ቀድተን፣ ልጆቹን ሽንት ቤት አስገብተን እንቀጥላለን።

ያ ነዳጅ ቀድተን የምናልፈው ቦታ ዶርቸስተር ካውንቲ ይባላል። የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ዘንድሮ አንለፈው፤ እዚያው እንዋል።

አንዳንዶቻችሁ "ምን አለና?" ስትሉ ይሰማኛል። እውነት ነው፣ ትልቅ ሆቴል የተደረደረበት የባሕር ዳርቻ የለም። 32 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርበት የገጠር ካውንቲ ነው። ከጠቅላላ ስፋቱ ግማሽ የሚጠጋው ውኃ ነው፤ ከቀረው ደግሞ ብዙው ረግረግ፣ ጫካና እርሻ። ዋና ከተማው ካምብሪጅ ነው። የማሳቹሴትሱ ካምብሪጅ አይደለም፤ ልጆቻችሁን "ሃርቫርድን እናሳያችሁ" ብላችሁ እንዳትሸውዷቸው።

ነገር ግን ሃሪየት ተብማን የተወለደችው እዚያ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በ1822 ገደማ፣ በባርነት ከተያዘ ቤተሰብ። የመጀመሪያ ስሟ አራሚንታ ሮስ ነበር። ታሪኳን ልጆቻችሁ ከእናንተ በተሻለ ያውቁታል፤ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ ትምህርት ቤት ይማሩታል። በ1849 አመለጠች። አምልጣም አልቀረችም። 13 ጊዜ ያህል እየተመለሰች 70 የሚሆኑ ሰዎችን ይዛ ወጣች፤ ብዙዎቹ ዘመዶቿና ወዳጆቿ ነበሩ። ልጆቹ የማያውቁት መሬቱን ነው። በክረምት ሌሊት የሄደችበት ጫካ፣ የተሻገረችው ረግረግ፣ አባቷ ግንድ ያስቆርጥበት የነበረው ቦታ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። ሕንፃ አልተሠራበትም፣ ሞል አልተገነባበትም።

ባክታውን የሚባል መንደር ውስጥ መንታ መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ የእንጨት ሱቅ አለች። ሃሪየት ገና ልጅ ሳለች አንድ የባሪያ ተቆጣጣሪ የሚሸሽ ሰው እያሳደደ እዚያ ደረሰ። ሰውየውን ለማሰር እንድታግዘው አዘዛት። እምቢ አለች። ተቆጣጣሪው ወደሚሸሸው ሰው የወረወረው ሁለት ፓውንድ የሚመዝን የሚዛን ብረት እሷን ጭንቅላቷ ላይ መታት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1913 ድረስ፣ በቁሟ ድንገት እንቅልፍ የሚጥል ሕመም አብሯት ኖረ። ሱቋ እዚያው ናት። ዙሪያዋ ማሳ ነው። መጽሐፍ ላይ ማንበብና እዚያ መንገድ ላይ መቆም በጣም ይለያያሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። እኔ ስለ ሃሪየት ብቻ ልነግራችሁ አልመጣሁም። ይህ ሁሉ እስከ ዛሬ እንዴት ቆየ? ማን ጠበቀው? እኛ የማኅበር ሰዎች ስለሆንን ይህ ጥያቄ ይመለከተናል።

የፌዴራል መንግሥት ቦታውን ብሔራዊ መታሰቢያ ያደረገው በ2013 ነው። ቸርች ክሪክ አካባቢ ያለው ዘመናዊ የጎብኚዎች ማዕከል የተከፈተው በ2017 ነው። ማዕከሉ ቆንጆ ነው፤ መግቢያውም ነፃ ነው፤ በእርግጥ እንገባለን። ግን ከዚያ ብዙ ዓመታት በፊት ካምብሪጅ መሃል ሬስ ስትሪት ላይ በስሟ የተቋቋመ የአካባቢ ማኅበር ነበር፤ ዛሬም አለ። አንዲት ጠባብ ሙዚየም በበጎ ፈቃደኞች ያንቀሳቅሳል። መንግሥት ሳያስታውሳት ያስታወሷት የሰፈሯ ሰዎች ናቸው። ከደሞዛቸው እያዋጡ፣ ቅዳሜ በር እየከፈቱ፣ ለመጣው ሁሉ እያስረዱ። በ2019 የሙዚየሙ የጎን ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ተሣለ። ሃሪየት ግድግዳውን ሰብራ ስትወጣና እጇን ስትዘረጋ ያሳያል። መንገደኛው ሁሉ እጁን እጇ ላይ አድርጎ ፎቶ ይነሳል። እኛም እንነሳለን፤ ይህን መከልከል አልችልም።

ከካምብሪጅ ወጣ ብሎ ክራይስት ሮክ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ስታንሊ ኢንስቲትዩት የሚባል ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ታገኛላችሁ። ባርነት በሜሪላንድ የቀረው በ1864 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1867፣ የአካባቢው ጥቁሮች ይህን ቤት ከቸርች ክሪክ አንስተው እዚህ አመጡት። ሕንፃውን ነው የምላችሁ! አስቡት እስቲ። ትናንት ነፃ የወጣ ሰው፣ መሬት የሌለው፣ ገንዘብ የሌለው፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ለልጆቹ ትምህርት ቤት መጎተት ነው። በሳምንቱ ቀን ትምህርት ቤት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ አገለገለ። ዛሬ አሮጌ ዴስኮቹን ይዞ የቆመው የዚያው ሰፈር ሰዎች ስለተንከባከቡት ነው። እኔ ከካውንቲው ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ። ከትልቁ ማዕከልም በላይ።

ስለ ጀልባዎቹ ባጭሩ ልናገር። በሜሪላንድ ለረጅም ዘመን ኦይስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር ምግብ በሞተር ጀልባ እየጎተቱ ማውጣት በሕግ ክልክል ነበር። ስለዚህ ስኪፕጃክ የሚባሉ የሸራ ጀልባዎች ሌላ ቦታ ከጠፉ በኋላም እዚህ ቆዩ። ኋላ ኦይስተሩ ሲመናመን ጀልባዎቹም አለቁ። የካምብሪጅ ሰዎች ዕውቀቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዳይቀበር ሰጉ። ተሰባስበው በበጎ ፈቃድ አዲስ ስኪፕጃክ ሠሩ። ኔታን ኦፍ ዶርቸስተር ትባላለች፤ በ1994 ውኃ ላይ ወረደች። ሰመር ላይ ሰው ጭና ወንዙ ላይ ትንሸራሸራለች። እዚያው ወደቡ ላይ መርከቦችን ይመራ የነበረው የድሮ መብራት ቤት አምሳያ አለ። እሱም በአካባቢው ሰው ጥረት በ2012 የተሠራ ነው። ልጆች ይወዱታል።

ብላክዋተር ግን ባጭሩ አይነገርም። ከካምብሪጅ በስተደቡብ ያለ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው፤ በ1933 ለሚሰደዱ ወፎች ተብሎ ተከለለ። ከ28 ሺህ ኤከር በላይ ነው። ከመኪናችሁ ሳትወርዱ ልታዩት ትችላላችሁ፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶቻችን ጥሩ ዜና ነው። ዶላር ላይ የምታዩት ራሰ ነጩ ንስር እዚያ በብዛት ይኖራል። በልግ ሲገባ ደግሞ ዝይና ዳክዬ ሰማዩን ይሞላዋል።

ይህ መሬት ግን እየሰመጠ ነው። ከ1930ዎቹ ወዲህ ከ5 ሺህ ኤከር በላይ ረግረግ ወደ ውኃነት ተለውጧል። ባሕሩ ከፍ ይላል፣ መሬቱ ዝቅ ይላል። በመሃል ደግሞ ኑትሪያ የሚባል አውሬ ነበር። ከደቡብ አሜሪካ ለቆዳው ተብሎ የመጣ፣ ግዙፍ አይጥ የሚመስል ፍጥረት ነው። የሣሩን ሥር ነቅሎ ይበላል፤ ሥሩ ሲሄድ ጭቃውን የሚይዘው የለም፣ ማዕበል ይወስደዋል። መንግሥት ብቻውን ሊያጠፋው አይችልም ነበር፤ አውሬው "ይህ የግል መሬት ነው" አይል። ገበሬዎችና ባለ መሬቶች በራቸውን ከፈቱ፣ አዳኞቹን አስገቡ፣ ሃያ ዓመት ያህል ተለፋ። በ2022 ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ጨርሶ መጥፋቱ ተነገረ። መጠለያውን የሚያግዝ የወዳጆች ማኅበርም አለ። የንስሮቹ ጎጆ ላይ ካሜራ ተክለዋል፤ ጫጩቶቹን ከሳሎናችሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት ማየት ትችላላችሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ባሕሩን ማን ያቆመዋል? ልጆቻችን የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ የምናየው ረግረግ ላይኖር ይችላል። ቶሎ እንሂድ የምለው ለዚህም ነው።

እስካሁን ማኅበሮቹን እያሞገስኩ መጣሁ። ሙሉውን ካልነገርኳችሁ ግን ሸፋፍኜ አለፍኩ ማለት ነው። ማኅበር ሁሉ ጥሩ አይደለም። ቅድም የጠራሁት ሬስ ስትሪት የጥቁሮችንና የነጮችን ሰፈር የሚለይ ድንበር ነበር። በ1963 ግሎሪያ ሪቻርድሰን የምትባል የካምብሪጅ ሴት ለሥራ፣ ለመኖሪያ ቤትና ለትምህርት ቤት መብት ሕዝቡን አሰለፈች። ናሽናል ጋርድ ገባ፤ ከተማው ውስጥም አንድ ዓመት ያህል ቆየ። አንድ ወታደር ሳንጃ የተሰካበት ጠመንጃ ሲደግንባት በእጇ ገፋ አድርጋ ስታልፍ የሚያሳየው ፎቶ ዝነኛ ነው። ፊቷን እዩት፤ ዝንብ የምታባርር ነው የምትመስለው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበረው ሮበርት ኬኔዲ ቢሮ ድረስ ሄዳ ተደራደረች። በ2021 በ99 ዓመቷ አረፈች።

አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1967፣ የጥቁሮች የንግድ ሰፈር የነበረው ፓይን ስትሪት ላይ እሳት ተነሳ። በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ፤ በሙሉ ነጮች። መኪና ነበራቸው፣ ቱቦ ነበራቸው። "ይተኩሱብናል" ብለው ሰፈሩ ዳር ቆሙ። ሱቁም ቤቱም ሲነድ ሰው ቆሞ አየ።

እነዚያም በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ በሌሊት ከአልጋቸው ተነስተው የሰውን ቤት የሚያድኑ ሰዎች። የማንን ቤት ነው ጥያቄው። እኛም እድር አለን፣ እቁብ አለን፣ የደብር ማኅበር አለን። ማን ነው የሚገባበት፣ ማን ነው ውጭ የሚቀረው? በዚህ በኩል ያለውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። ስብሰባው እንዲረበሽም አልፈልግም።

እሺ፣ ምግብ። ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አገሩ የክራብ፣ የሸርጣን አገር ነው። ካምብሪጅ ውስጥ ከ1890 ጀምሮ ክራብ የሚያዘጋጅ ድርጅት አለ። ሁፐርስ ደሴት ላይ ደግሞ የክራብ ሥጋ ከቅርፊቱ የሚፈለቅቁት ብዙዎቹ በየዓመቱ በጊዜያዊ ቪዛ ከሜክሲኮ የሚመጡ ሴቶች ናቸው። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ክራብ በዞረበት የማይዞር እንዳለ አውቃለሁ፤ ደብቀው የሚበሉም እንዳሉ አውቃለሁ። ስም አልጠራም። ለጾመኛውም ለሃይማኖቱ ለሚጠነቀቀውም እንጀራና ወጥ ይዘን እንሄዳለን። ፌብሩዋሪ ላይ ግን እንዳትሄዱ፤ ከ1938 ጀምሮ የሚካሄድ ባህላዊ ዝግጅት አለ፣ ዋናው ውድድር ማስክራት የሚባለውን የረግረግ አይጥ ቶሎ ቆዳውን መግፈፍ ነው። ለነሱ ትልቅ በዓል ነው። ለኛ እናቶች ግን ይከብዳል።

የጉዞውን ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ትንኙና ዝንቡ አያስቀምጥም። እኔ ሴፕቴምበርን እመርጣለሁ። ትምህርት ቤት ቢከፈትም ቅዳሜ አለ። ሁለተኛ፣ ትናንሾቹ ቦታዎች እንደ መንግሥት ሙዚየም ሁልጊዜ ክፍት አይደሉም። በር የሚከፍተው ሰው ሌላ ሥራ ያለው ነው። ስለዚህ ቀድሞ መደወል ያስፈልጋል፤ ጸሐፊያችን ይህን እንዲይዙልኝ እጠይቃለሁ። ሦስተኛ፣ ነፃ ነው ተብሎ ባዶ እጅ አይገባም። በር ላይ የመዋጮ ሣጥን አለ። ለኦሽን ሲቲ ፓርኪንግ የምንከፍለውን ያህል እንኳ እንጣልበት።

አንድ ነገር ደግሞ እጨምራለሁ፤ ቦርዱን አላማከርኩም፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። ስንሄድ አይተን ብቻ አንመለስ። ሙዚየሙን ከሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ጋር አንድ ሰዓት ቁጭ ብለን እንነጋገር። ቡና እናፍላላቸው። ወጣቱን እንዴት እንደሚያመጡ እንጠይቃቸው፤ እኛ አልቻልንበትምና። ፎቶና ወረቀት እንዴት እንደሚያስቀምጡም እንጠይቅ። የኛ ማኅበር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቃለ ጉባኤ ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ እጁን ያውጣ።

እንዳሰብኩት ነው።

አውቶቡስ እንድንከራይ ሐምሳ ሰው መሙላት አለብን። መመዝገቢያው ቅጽ ቡናው ጋ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስምና ስልክ ጻፉ፤ ከልጆች ጋር የምትመጡ የልጆቹን ዕድሜ ጨምሩ። ጉልበት የሚያማቸው፣ መንገድ የሚያስመልሳቸው ፊት ወንበር እንዲያዝላቸው አሁኑኑ ይንገሩን። ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን ደጋግመው እያዩ ነው። ጥያቄ ያለው ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ያገኘኛል። አመሰግናለሁ።