የጣራችን ውሃ ወዴት ይሄዳል?

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ ውድ ወጣት አርክቴክቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስኖር፣ በነሐሴ ወር አንድ ማለዳ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ዝናቡ ይወርዳል። የውሃ ፈረቃችን ካለፈ ግን አራተኛ ቀኑ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ እናት ቢጫ ጀሪካን በገመድ አዝለው ደረጃውን ይወጣሉ፤ በየፎቁ ቆም ብለው ግድግዳውን ይደገፋሉ። ከዚያው ግድግዳ ማዶ፣ አሸንዳው የጣራውን ውሃ አስፋልት ላይ ይደፋዋል።

የዚያን ዕለት ማታ ሒሳቡን ሠራሁት። አንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብላታል። ጣራው 250 ካሬ ሜትር የሆነ ሕንፃ፣ አንድ አምስተኛው ቢባክንበት እንኳ 200,000 ሊትር ያገኛል። ለ20 አባወራ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቤት በዓመት 500 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይደርሰዋል። ለመጠጥ አይሁን፤ ለሽንት ቤት፣ ለልብስና ለወለል ግን ምን ይጎድለዋል?

አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ ማጠራቀሚያው ሰፊ መሆን አለበት። ሰፊ ታንከር ደግሞ እንዲሁ ጣራ ላይ አይሰቀልም፤ 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። ቦታው ከምድር በታች ነው። መሠረት ሲቆፈር ካልታሰበበት፣ በኋላ የተነጠፈ ግቢ ማፍረስ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ማንም ነዋሪ አዋጥቶ አይችለውም። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ጠርጎ ስለሚወርድ፣ እሱን ለይቶ የሚያስወጣ ቱቦም ከወዲሁ ይሣል።

ክረምቱ ሲወጣ ተራው የፀሐይ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማያችን ጥርት ይላል፤ እኛ ግን በየመታጠቢያ ቤቱ የኤሌክትሪክ ቦይለር እንሰካለን። ጣራው ላይ የፀሐይ ማሞቂያ ይቀመጥ፣ ከታንከሩ ውሃ የሚገፋውንም ፓምፕ ቀን ቀን ፀሐይ ታንቀሳቅሰው። የኅዳርና የታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው የምታልፈው። የመኝታ ቤቱን መስኮት ወደዚያ ያዞረ አርክቴክት፣ ያለ አንዳች ተጨማሪ ወጪ ከቤተሰቡ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ቀነሰ ማለት ነው።

አደራዬ አንድ ነው። የጣራ ፕላን ስትዘረጉ የአሸንዳውን መስመር በጣታችሁ ተከተሉት፤ መንገድ ላይ ካለቀ አትፈርሙ። እኒያ እናት ዛሬም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው።

አመሰግናለሁ።