ያቺ ቀይ ቀስት
(ለቀድሞ ተዋጊ ጄት አብራሪዎች ዓመታዊ እራት የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አለቆቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «ትዝታህን ንገረን» ብለውኛል። የኔ ትዝታ ዞሮ ዞሮ አንዲት መብራት ላይ ነው የሚያርፈው። ከፊት መስታወቱ አጠገብ ያለችውን፣ ክንፉ ከነፋሱ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የምታሳየውን ታውቋታላችሁ። መሃሏ አረንጓዴ ክብ፤ ልክ ነህ የምትል። ከላይ ወደ ታች የምትጠቁም ቀይ ቀስት፤ ማዕዘኑ በዝቷል፣ ዘግይተሃል የምትል። ከታች ወደ ላይ የምትጠቁም ቢጫ፤ ፈጥነሃል የምትል።

አሜሪካ ቲ-38 በተባለችው የማሠልጠኛ ጄት ላይ ስንማር ለማረፍ ስንቀርብ የምንይዘውን ፍጥነት እንደ ዳዊት ደገምነው። 1,000 ፓውንድ ነዳጅ ሲቀር 155 ኖት (በሰዓት 155 የባሕር ማይል)፤ ከዚያ በላይ ለየ100 ፓውንዱ 1 ኖት ጨምር። አንድ ቀን ገና ከመነሳቴ የማስጠንቀቂያ መብራት በራብኝ። ተመለስኩ። ነዳጄ 3,000 ፓውንድ ነው። 175 መያዝ ነበረብኝ። እኔ ምን ይዤ መጣሁ? 155! ልማድ ነዋ። ወደ ማኮብኮቢያው ስቃረብ ቀይዋ ቦግ አለች። አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዓይኔ ግን ፍጥነት መለኪያው ላይ ተተክሏል፤ 155፣ ልክ ነኝ። ከኋላዬ ያለው አስተማሪ ትሮትሉን፣ የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ፣ እስከ ጥግ ገፋው። ካረፍን በኋላ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ክንፍ የሚከዳችሁ ከነፋሱ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ሲበዛ ነው። ስትከብዱ የሚከዳበት ፍጥነት ይለወጣል፣ ስትታጠፉም ይለወጣል። አረንጓዴዋ ግን ታንኩ ሞላም ጎደለም ያቺው ናት።

ደብረ ዘይት ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። መለኪያው 150 ሲል እውነተኛው ፍጥነት ወደ 170 ይጠጋል። መሬቱ ሲሮጥባችሁ እጃችሁ ሳታውቁት ትሮትሉን ይስባል። ዋሸሁ?

ታዲያ እኛ ምን እንል ነበር? «ወንድ አብራሪ አውሮፕላኑን በመቀመጫው ያውቀዋል!» የማን መቀመጫ ነው ማዕዘን የሚለካው? የጄኔራል ይሁን የመቶ አለቃ፣ ንገሩኝ እስቲ! አንድ ወጣት «ከፍጥነቱ በፊት ለምን መብራቷን አናይም?» ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ ሙሉ ሳቀበት። እኔም ስቄያለሁ። ቀይዋ በርታብኝ የማውቀው ሰውዬ!

ሚግ-21 ያበረራችሁ ማዕዘኑን የምታሳይ የራሳችሁ መርፌ አለቻችሁ፤ እናንተው ተናገሩ። ስለ ሬዲዮ ሥርዓትም ጽፌ ነበር፣ ይለፈን፤ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው።

ያ የሳቅንበት ልጅ ግን ዛሬ እዚህ አለ። ሸብቷል። በር አጠገብ ነው የተቀመጠው። እባክህ ወንድሜ ተነስ፣ ያችን ጥያቄህን ድገምልን።