የክስ ወረቀት እጃችሁ ሲገባ፦ ለአሽከርካሪዎችና ለነዋሪዎች የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትራፊክ ክስ፣ ስለ መለስተኛ ግጭት፣ ስለ ስድብና ስለ እጅ እልፊት፣ ማለትም የአካል ጉዳት ሳያደርሱ ሰውን ስለ መምታት፣ ነው። በሕግ ዓይን ቀላል የሚባሉ ጉዳዮች ናቸው። ሆኖም በእነዚሁ ጉዳዮች ሰው ሥራውን ያጣል፣ ጣቢያ ያድራል፣ ወራት በቀጠሮ ይመላለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩን የሚያከብደው ያልተነበበ ወረቀት፣ ያለፈ ቀጠሮ ወይም ሳይታሰብ የተፈረመ ቃል ነው። ስለዚህ ትኩረቴ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ላይ ይሆናል።

መጀመሪያ የያዛችሁትን ወረቀት ለዩ። ሦስት ዓይነት ወረቀት ሊሰጣችሁ ይችላል። አንደኛው ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ የሚጽፈው የክስ ወረቀት ነው፤ አስተዳደራዊ ቅጣትና የጥፋት ነጥብ ያስከትላል። ሁለተኛው የፖሊስ መጥሪያ ነው፤ ቀርባችሁ ቃል እንድትሰጡ ይጠይቃል እንጂ ገና አልተከሰሳችሁም። ሦስተኛው ዐቃቤ ሕግ ያዘጋጀው፣ የፍርድ ቤት የመዝገብ ቁጥር ያለበት የክስ ማመልከቻ ነው። ለሦስቱ የሚሰጠው መልስ ይለያያል። የፖሊስ መጥሪያ የደረሰው ሰው «ከሰውኛል» ብሎ ሲሰወር በራሱ ላይ ጥርጣሬ ይጨምራል። የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ «ቅጣቱን እከፍላለሁ» ብሎ ትራፊክ ቢሮ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቀጠሮው ያልፍበታል፤ ችሎቱም በፖሊስ ተይዞ እንዲቀርብ ያዛል።

መንገድ ላይ የተጻፈውን ክስ ትራፊኩ እዚያው እያለ አንብቡት። ታርጋው የእናንተ ነው? ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ትክክል ነው? ተፈጸመ የተባለው ጥፋት ምንድን ነው? መንጃ ፈቃዳችሁ ከተያዘ ወረቀቱ በምትኩ ያገለግል እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚያገለግል ጠይቁ። ስለ ቅጣቱ መጠን ጓደኛ የነገራችሁን አትመኑ። በ2003 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 208 ሲወጣ የነበረው የቅጣት ሰንጠረዥ ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል፤ በስልክ የሚዘዋወሩት ምስሎች ብዙዎቹ የቆዩ ናቸው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ከሚያስከፍለው መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ጥፋቱን ካመናችሁ በተሰጣችሁ ጊዜ ውስጥ ክፈሉና ደረሰኙን አስቀምጡ። በስልክ የከፈለም የግብይት ቁጥሩን ይያዝ። «ከፍያለሁ» እያለ ሲስተም ላይ ያልተነሳለት አሽከርካሪ ያለ ማስረጃ ሁለተኛ ይከፍላል። ጥፋቱን ካላመናችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ተናገሩ፤ ከፍሎ መከራከር አቋምን ያላላል። አቤቱታችሁን በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱን አስገቡ፣ ሌላው ላይ መዝገብ ቤቱ ቀን ጽፎ እንዲፈርምበት ወይም ማኅተም እንዲያደርግበት አድርጉ። በቃል የቀረበ ቅሬታ ከወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም። ምልክቱ በዛፍ ተሸፍኖ ወይም የመንገዱ ቀለም ጠፍቶ ከነበረ በዚያው ቀን ፎቶ አንሱ፤ ቀለሙ ነገ ሊታደስ፣ ቅርንጫፉም ሊቆረጥ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እናገራለሁ። «በትንሽ ነገር እንጨርሰው» ብሎ ለትራፊክ ገንዘብ የሚዘረጋ አሽከርካሪ ከአስተዳደራዊ ቅጣት ወጥቶ በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ወደሚያስጠይቅ የሙስና ወንጀል ይገባል። ተቀባዩ ብቻ ሳይሆን ሰጪውም ይጠየቃል። የቀበቶ ቅጣት ለመሸሽ ይህን ማድረግ ዋጋው አይመጣጠንም።

ወደ ግጭት እንለፍ፤ ትልቁ ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ነውና። ሰው ከተጎዳ ከሁሉም በፊት ቁሙ፣ እርዱ፣ ለፖሊስ አሳውቁ። የገጨውን ሰው ጥሎ የሚሄድ አሽከርካሪ በግጭቱ ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ባለመርዳቱ ብቻ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ሊከሰስ ይችላል። ሰው ካልተጎዳ ትራፊክ ፕላን እስኪያነሳ ድረስ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። ፕላን ማለት የመኪኖቹ አቋም፣ የጎማ ፍሬን ምልክት፣ የመንገዱ ስፋትና የግጭቱ ነጥብ በሜትር ተለክቶ የሚሰፍርበት ንድፍ ነው፤ በኋላ ፍርድ ቤትም ኢንሹራንስም የሚያዩት እሱን ነው። ተጎጂን ለማድረስ መኪናውን ማንሳት ግድ ከሆነ በቅድሚያ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፤ ቢያንስ አንዱ ፎቶ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የመብራት ምሰሶ ወይም የዜብራ መስመር፣ ይያዝ። መነሻ የሌለው ፎቶ ርቀት አይናገርም። ፕላኑ ሲነሳም አጠገቡ ቁሙ፤ የተሳሳተ ነገር ካያችሁ እዚያው ተናገሩ፣ ካልተቀበሏችሁም ቅሬታችሁ እንዲመዘገብ ጠይቁ።

የተጎጂን ሕክምና መክፈል ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ሰብአዊነት ነው፣ ሕጉም በበጎ ያየዋል። ነገር ግን «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚል ወረቀት መንገድ ላይ አትፈርሙ። ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች ኩባንያው ሳያውቅ ኃላፊነት መቀበልን ይከለክላሉ። ዕርቅ ስታደርጉ በሽማግሌ ፊት በጽሑፍ አድርጉት፤ የተከፈለው ገንዘብ ለምን እንደሆነ ይጻፍ፣ ምስክሮች ይፈርሙ። ዕርቅ ሁሉንም ክስ እንደማያቆምም እወቁ። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ተበዳይ አቤቱታውን ሲያነሳ ጉዳዩ ሊቋረጥ ይችላል። ሰው ከሞተ ግን በአንቀጽ 543 የሚቀርበው በቸልተኝነት ሰው የመግደል ክስ የመንግሥት ነው፤ ቤተሰቡ ታርቆ ይቅርታ ቢያደርግም ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል። ዕርቁ ያኔ የሚጠቅመው ቅጣት ለማቅለል ነው። ይህን ሳያውቁ ካሳ ከፍለው «አለቀ» ብለው የተቀመጡ ሰዎች መጥሪያ ሲደርሳቸው ይደነግጣሉ።

ስድብና እጅ እልፊት ብዙውን ጊዜ ከጎረቤት ጠብ የሚመጡ ናቸው። ስድብ በአንቀጽ 615፣ እጅ እልፊት በአንቀጽ 560 ይገኛሉ፤ ሁለቱም የግል አቤቱታ ይፈልጋሉ። አቤቱታው የሚቀርበው ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም ፈጻሚውን ካወቀበት ቀን አንስቶ በ3 ወር ውስጥ ነው። እናንተ ተበዳይ ከሆናችሁ ጊዜውን አታሳልፉ፤ ከተመታችሁ በዚያው ቀን ከፖሊስ ደብዳቤ ተቀብላችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። እብጠት በሦስት ቀን ይወርዳል፣ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ተከሳሽ ከሆናችሁ ደግሞ አቤቱታው መቼ እንደቀረበ ቀኑን ቁጠሩ፤ ከሦስት ወር ካለፈ ይህን መቃወሚያ አቅርቡ።

ፖሊስ ጣቢያ ከተያዛችሁ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ይጠብቃችኋል። የተያዛችሁበት ምክንያት በምትረዱት ቋንቋ ሊነገራችሁ ይገባል። ያለመናገር መብት አላችሁ፤ የምትናገሩት በማስረጃነት ሊቀርብባችሁ እንደሚችልም ሊነገራችሁ ይገባል። ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ ከሚፈጀው ጊዜ በስተቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለባችሁ። አንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲያገኟችሁ ይፈቅዳል። የተያዛችሁበትን ሰዓት ለቤተሰብ ንገሩ፤ 48ቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ስለ ቃል አሰጣጥ ረዘም አድርጌ ልናገር። መርማሪው ቃላችሁን በራሱ እጅ ይጽፋል። እናንተ «ሲመጣ አላየሁትም» ትላላችሁ፤ ወረቀቱ ላይ «ባለማስተዋሌ ገጨሁት» ተብሎ ሊሰፍር ይችላል። በመርማሪው በኩል ተንኮል ላይኖር ይችላል፤ አሳጥሮ ሲጽፍ የሚሆን ነው። በሕግ ግን ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ሁለተኛው ቸልተኝነትን ማመን ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ይነበብለት። ያልተናገራችሁት ካለ እንዲታረም ጠይቁ። ካልታረመ አትፈርሙ፣ ወይም «ይህን አላልኩም» የሚል ከፊርማችሁ በላይ ጻፉ። ባዶ ቦታ ያለበት ገጽ ላይ ፈጽሞ አትፈርሙ።

በቀላል ወንጀል ዋስትና መብት ነው። ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 መሠረት መርማሪ ፖሊሱ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ አይጠይቅም። ጣቢያው ካልለቀቀ ፍርድ ቤት ጠይቁ። ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ ሲጠይቅ በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ከ14 ቀን አይበልጥም። ያኔ «የቀረው ምርመራ ምንድን ነው? እኔ ውጭ ብሆን ምኑን ያደናቅፋል?» በሉ። ቋሚ አድራሻ፣ ሥራና ቤተሰብ እንዳላችሁ የሚያሳይ ወረቀት በእጃችሁ ይሁን፤ ዳኛው የሚመዝነው ትቀርባላችሁ ወይስ ትጠፋላችሁ የሚለውን ነውና። ዋስትና ከተከለከላችሁ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

ክሱ ፍርድ ቤት ከደረሰ ማመልከቻውን በእርጋታ አንብቡ። የተከሳሽ ስም፣ ድርጊቱ፣ ጊዜና ቦታው፣ የተጣሰው አንቀጽ መጻፍ አለባቸው። ከጎደለ መቃወሚያው የሚቀርበው የእምነት ክህደት ቃል፣ ማለትም ክሱን ታምናላችሁ ወይስ ትክዳላችሁ ተብላችሁ፣ ከመጠየቃችሁ በፊት ነው። ቀጥሎ ዳኛው «ድርጊቱን ፈጽመሃል?» ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «አዎ ገጭቻለሁ፣ ግን እሱ ድንገት ገባብኝ» ማለት ሙሉ እምነት አይደለም። ሕጉ እንደ ክህደት ይቆጥረዋል፤ ዐቃቤ ሕግም ምስክር ማቅረብ ይኖርበታል። ትክክለኛው መልስ «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ጥፋተኛ አይደለሁም» የሚለው ነው፤ ምክንያታችሁንም አስመዝግቡ። በእርግጥ አጥፍታችሁ ከሆነ ግን ገና ከጅምሩ ማመን ቅጣት ያቀላል። በምስክር ተረጋግጦባችሁ ካለቀ በኋላ «ይቅርታ» ማለት ያን ያህል አይረዳም።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው በችሎቱ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ይጠይቅ፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡትን ነፃ የሕግ አገልግሎትም ያጣራ። መቀጮ ከተወሰነባችሁና በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁ ከመጥፋት ይልቅ የመክፈያ ጊዜ ወይም በየጊዜው ከፋፍሎ መክፈል እንዲፈቀድላችሁ አመልክቱ።

ውሳኔው ቅር ካሰኛችሁ ቀኑን ከዚያው ሰዓት ጀምራችሁ ቁጠሩ። ይግባኝ የማለት ማስታወቂያ ፍርዱ ከተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ፣ ዝርዝር የይግባኝ ማመልከቻው የውሳኔው ግልባጭ ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ግልባጩን ውሳኔው በተነበበ ዕለት በጽሑፍ ጠይቁ። ለዋስትና ያስያዛችሁት ገንዘብም ጉዳዩ ሲዘጋ ይመለሳል፤ ደረሰኙን የጣለ ግን ገንዘቡን ለማስመለስ ብዙ ይመላለሳል።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እንቀበላለን፤ ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁም አውጡትና አብረን እንየው።